ስድስት ሰኞ ከአንድ ቢዚ ስልክ ጋር

እናቴ የዓይን ግፊት አለባት፤ ሐኪሞቹ ግላኮማ ይሉታል። ክትትሏ አዲስ አበባ ነው። ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ብቻ ነው፤ ያውም ሰኞ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡00። በሌላ ቀን ቢደወል መልሱ «ሰኞ ይደውሉ» ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንዲት ቀጠሮ ብዬ በሌሊት መናኸሪያ ልሄድ አልችልም። ብሄድም ስልክ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጥተው ነው የሚመልሱኝ። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሰው ሁሉ ጉዳይ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርገው፣ ውል የሚያሳትመው በሩ ላይ ይሰለፋል። የኔና የክሊኒኩ ሰዓት እንዴት እንዲህ እንደተጋጠመ እግዜር ይወቀው።

የመጀመሪያውን ሰኞ በአውራ ጣቴ ደወልኩ። ልክ 2፡30 ላይ ጀመርኩ፤ ቢዚ። ደገምኩ፤ ቢዚ። በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ ወረቀት ይዤ አረፈድኩ። አንድ ሰውዬ መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ። የፊቱን ገጽ ትቼ ጀርባውን ሁለት ጊዜ ኮፒ አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። 5 ሰዓት ላይ የጥሪ ዝርዝሩን ስከፍት ከቁጥሩ ጎን በቅንፍ 64 ይላል። ስልሳ አራት ጊዜ! አንዴም አልጠራም።

በሁለተኛው ሰኞ የባለቤቴ ወንድም ሊያግዘኝ መጣ። ሁለት ስልክ፣ ሁለት ሰው፣ ውጤቱ ያው። በሦስተኛው 4፡50 ላይ ጠራ። ልቤ ዘለለ። አንዲት ሴት አነሳችና «የዚህ ሳምንት ሞልቷል፣ ሰኞ ይደውሉ» ብላ ዘጋችው። እናቴ ማታ «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ሊያዝ ነው» አልኳት። ምን ልበላት?

በዚያው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም መጣ። ወረቀቱ እስኪወጣ ብሶቴን አወራሁለት። «ጋሼ፣ ይሄን እኮ ራሱ እየደጋገመ የሚደውል አፕ ይሠራልዎታል» አለኝ። ጋሼ መባሉ ትንሽ ከነከነኝ፤ ምክሩን ግን ወሰድኩ።

ነገሩ ለኔ አዲስ መሆን አልነበረበትም። የድሮ ኖኪያ የያዘ ሰው ያስታውሰዋል። የጥሪ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ በራሱ እንዲደግም ካበራችሁት፣ ያልተሳካን ጥሪ እስከ 10 ጊዜ ራሱ ይሞክር ነበር። ለምን 10 ላይ ይቆማል ብላችሁ እንደሆን፣ የሞባይል ስታንዳርዱ ነው የገደበው። ማሽን ያለ ዕረፍት ቢደውል ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስለዚህ በሙከራና በሙከራ መሃል እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት እንዲኖር ተደረገ፤ መጀመሪያ ሰከንዶች፣ ከዚያ ደቂቃ፣ ከዚያ ደቂቃዎች። ዛሬ በእጄ ያለው ስማርት ስልክ ካሜራው ሦስት ዓይን አለው፣ ያቺን ነገር ግን የለውም። ለዚህ ነው አፕ የሚያስፈልገው።

ፕሌይ ስቶር ገብቼ መጀመሪያ ያገኘሁትን ጫንኩ። ገና ሲከፈት ፍቃድ መጠየቅ ጀመረ። ስልክ መደወል፤ እሺ፣ ሥራው ነው። የስልክ ቁጥሮቼን ማየት፤ እሺ ይሁን። አጭር መልእክት ማንበብ? ማይክሮፎን? ቦታዬን ማወቅ? ሰው ጋ ለመደወል ያለሁበትን ማወቅ ምን ይሠራለታል? አጭር መልእክት ውስጥ ደግሞ የባንክ ኮድ ይመጣል። አልፈቅድም ስለው አልሠራም አለኝ፤ እኔም አጠፋሁት። ጎግል ራሱ ከ2019 በፈረንጆች ጀምሮ የጥሪ ዝርዝርና አጭር መልእክት የሚያነቡ አፖችን ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ቢሆንም የምትፈቅዱት እናንተ ናችሁና እያያችሁ ፍቀዱ።

ሁለተኛው አፕ ሻል ያለ ነበር። ሁለት ፍቃድ ብቻ ጠየቀ፤ ስልክ መደወልና በሌሎች አፖች ላይ መታየት። ሁለተኛው ፍቃድ እኔንም አጠራጥሮኝ ነበር። ኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ከኋላ ሆኖ የሚሠራ አፕ ዝም ብሎ ወደ ፊት እየመጣ መስኮት መክፈት አይችልም። ጥሪው ሲያልቅ ተመልሶ እንዲደውል ይህ ፍቃድ ያስፈልገዋል። ሰጠሁት። ማስታወቂያው ይበዛል፤ እሱን ቻልኩት።

አራተኛው ሰኞ ደረሰ። አፑ ሦስት ነገር እንድሞላ ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ ይደውል? በሁለት ጥሪ መሃል ስንት ሰከንድ ይጠብቅ? አንድ ጥሪ ከስንት ሰከንድ በኋላ ይዝጋ? እኔም 200፣ 3 እና 20 ብዬ ሞላሁ። ቸኩያለሁ። 2፡30 ሲል አስጀመርኩትና ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንዴት ደስ ይላል! ቱት ቱት ይላል፣ ይዘጋል፣ ራሱ ይደውላል። እኔ እጆቼን ነፃ አውጥቼ ኮፒዬን እሠራለሁ። ደንበኞቼ ሳይቀሩ ተገርመው ያዩታል።

3፡15 ላይ ጠራ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠራ። ወረቀቱን ጥዬ ሮጥኩ። «ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ል...» ጧ! ተዘጋ። ሴትዮዋ አይደለችም የዘጋችው። አፑ ነው። 20 ሰከንድ ሞልቶበታል።

ያኔ የተሰማኝን አልጽፈውም። በዕለቱ ሱቅ ውስጥ የነበሩ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይህን አለማወቄ ነው። አፑ ጆሮ የለውም። ቱት ቱት የሚለውን እኔና እናንተ እንሰማለን እንጂ እሱ አይሰማም። አንድሮይድ እንዲህ ላለ አፕ የሚነግረው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስልኩ ሥራ ፈትቷል፤ ሰው እየደወለላችሁ ነው፤ ወይም መስመር ላይ ናችሁ። እናንተ ስትደውሉ ደግሞ አረንጓዴውን ከነካችሁበት ቅጽበት ጀምሮ «መስመር ላይ ናቸው» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ቢዚ ቢሆን፣ ቢጠራ፣ ሰው ቢያነሳው ለአፑ ሁሉም አንድ ነው። ታዲያ በምን ይለያል? በሰከንድ ብቻ። 20 ብላችሁ ከሰጣችሁት 20 ላይ ይቆርጣል፤ ማን እያወራ እንደሆነ አይገደውም።

አንዳንድ አፖች «ዋናው መደወያህ አድርገኝ» ይላሉ። እሱን ከፈቀዳችሁላቸው ጥሪው በምን ምክንያት እንደተቋረጠ፣ ቢዚ ሆኖ ይሁን በሌላ፣ ማወቅ ይችላሉ። ግን የምትደውሉትም የሚደወልላችሁም ሁሉ በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እኔ ማን እንደሠራው ለማላውቀው አፕ ያንን አልሰጥም።

ወደ ሰኞዬ ልመለስ፤ ገና አላለቀም። ከተቆረጠ ከሦስት ሰከንድ በኋላ አፑ መልሶ ደወለ። ቢዚ። ደግሞ ደወለ። ቢዚ። እስከ 5 ሰዓት እንዲሁ ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ስበላ አጭር መልእክት ገባ። መስመሬ በተያዘበት ጊዜ ከዚያ ከክሊኒኩ ቁጥር ተደውሎልኝ ነበር! ሴትዮዋ ስልኩ ሲቋረጥባት አዝናልኝ መልሳ ደውላ ኖሯል። እኔ ደግሞ ያኔ ለእሷ እየደወልኩ ነው። እሷ ለኔ ቢዚ፣ እኔ ለእሷ ቢዚ።

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነበር። በስልካችሁ *43# ብላችሁ ደውሉ። እያወራችሁ ሌላ ሰው ሲደውል የሚያሰማው የጥሪ ጥበቃ ይበራል። መብራት አለመብራቱን ለማወቅ *#43# ነው። አፑን ከመጫናችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ደጋግማችሁ ስትደውሉ የእናንተም በር ተዘግቷልና።

የዚያን ዕለት ማታ የሆነውን ደግሞ ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ።

አፑ የስልኩ ፊት ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቁልፍ ነበረችው። ስትነካ የመጨረሻውን ቁጥር ደጋግማ ትደውላለች። ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ለአማቴ ደውዬ ሽንኩርት ልግዛ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ከዚያ ስልኩን ሳልቆልፍ ኪሴ ከተትኩና ባጃጅ ያዝኩ። የሐዋሳ ባጃጅ ሙዚቃውን ታውቁታላችሁ፤ ቦምብ ቢፈነዳ አይሰማም። በመንገድ ላይ ያቺ ቁልፍ ተነክታለች። አማቴ አቶቴ ሰፈር ነው የምትኖረው። ስልኳን ቤት ትታ ጎረቤት ቡና ጠርተዋት ሄዳለች። ስትመለስ 14 ሚስድ ኮል ታያለች፤ ሁሉም ከኔ። ልትደውልልኝ ስትሞክር ቢዚ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ለእሷ እየደወልኩ ነው።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ግን በማታ ደጋግሞ የሚደወል ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ አንዲት ባጃጅ በሩ ላይ ቆመች። አማቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ገባች። «ማን ነው? ንገሩኝ! አትደብቁኝ!» እያለች። ባለቤቴ እናቷን ስታይ እሷም ጮኸች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ «አፕ ነው! አፕ ነው!» እላለሁ። አንዷ ጎረቤት «ማን የሚሉት ዘመድ ነው?» አለች።

ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ አማቴ «የኔ ልጅ፣ ሁለተኛ በዚህ ነገር እንዳትደውልልኝ» ብላ ሽንኩርቱን ይዛ ሄደች። ያቺን ቁልፍ ያንኑ ሌሊት ከስልኬ ፊት አነሳኋት። 200 ያልኩትንም ወደ 40 አወረድኩት። 40 ሲሞላ ይቆማል፤ ከፈለግኩ እኔ ራሴ እንደገና አስጀምረዋለሁ። ስልክ ያለ ገደብ እንዲደውል አትፍቀዱለት።

ማክሰኞ ማታ ቁጭ ብዬ ነገሩን በሥርዓት አጠናሁት። ከዚህ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ሙከራ ያኔ አደረግኩ። ባለቤቴ ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች እኔ በአፑ ወደ እሷ ደወልኩ፤ የጥሪ ጥበቃዋን አጥፍተን። የእጅ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ከነካሁት እስከ ቢዚው ድምፅ 6 ሰከንድ ገደማ። ድምፁ ጥቂት ከቆየ በኋላ ጥሪው ራሱ ተቋረጠ፤ ሁሉም በ18 ሰከንድ አለቀ። እንደገና ሞከርኩት፤ 17። እንደገና፤ 18።

መልሱ እዚያ ነበር። ቢዚ ጥሪ በራሱ ይሞታል። ማንም መግደል የለበትም።

የአፑን ሴቲንግ ዝቅ ብዬ ስፈትሽ ሌላ አማራጭ ነበረው። «ጥሪው በራሱ ተቋርጦ ከዚህ ሰከንድ በታች ከቆየ ድገም፤ ከበለጠ አቁም» የሚል። የመዝጊያውን ሰከንድ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። በዚህኛው 25 ሞላሁ። አሁን አፑ በማንም ላይ አይዘጋም። ቢዚ ከሆነ በ18 ሰከንድ ራሱ ይቋረጣል፤ አፑም ይደግማል። ከጠራና ሰው ካነሳው ጥሪው ከ25 ሰከንድ ያልፋል፤ አፑም ይተወዋል። በጥሪ መሃል ያለውን ክፍተትም ከ3 ወደ 15 ሰከንድ አሳደግኩት። አንደኛ፣ በ3 ሰከንድ ውስጥ ያ መስመር የሚለቀቅበት ዕድል ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ያቺ ሴትዮ መልሳ ልትደውል ብትፈልግ መግቢያ ቀዳዳ ይኑራት። ሦስተኛ፣ ስልኬ እሳት ሆኖ ነበር።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። አፑ እንዲዘጋ አታድርጉት፤ እንዲደግም ብቻ አድርጉት። ሰከንዱን ደግሞ ከኔ አትቅዱ። ስልኩም መስመሩም ይለያያል። በራሳችሁ ስልክ፣ በምትደውሉበት ቁጥር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ።

በአምስተኛው ሰኞ እንግዲህ ሁሉን አውቄያለሁ ብዬ ኮራ ብዬ ጀመርኩ። 3 ሰዓት አካባቢ ደንበኛ በዛብኝና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። 4 ሰዓት ላይ ሳወጣው ፀጥ ብሏል። የመጨረሻው ጥሪ 3፡08 ይላል። ስልኬ ባትሪ ቆጥቦልኝ ነው! ስክሪኑ ሲጠፋ ከኋላ ያሉትን አፖች ያስተኛቸዋል፤ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለ ባሕርይ ነው። የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለዚያ አፕ ብቻ ቁጠባውን ማንሳት አለባችሁ። ባታነሱም እንኳ ስክሪኑ በርቶ፣ ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ዓይናችሁ ሥር ይሁን።

ሁለት ሲም የምትጠቀሙ ሌላም ጉድ አለ። ስልኩ በየጥሪው «በየትኛው ሲም?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ አፑ እዚያ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የሚነካለት ጣት የለውማ። ሴቲንግ ውስጥ ለጥሪ አንዱን ሲም ቋሚ አድርጉት። ይህን እንኳ ሳልጎዳ ነው ያወቅኩት፤ ያ ተማሪ ነገረኝ።

አይፎን የያዛችሁ ደግሞ አትድከሙ። የባለቤቴ ወንድም ግማሽ ቀን ፈልጎ የረባ አላገኘም። አይፎን ውስጥ አፕ ቁጥሩን አምጥቶ ሊያሳያችሁ ይችላል እንጂ እናንተ ሳትነኩት እየደጋገመ አይደውልም። ለእናንተ የምመክረው ብዙ ሰው የማያውቃትን ትንሽ ነገር ነው። ቁጥር መጻፊያው ባዶ ሆኖ አረንጓዴውን ስትነኩት የመጨረሻው ቁጥር ይመጣል፤ ደግማችሁ ስትነኩት ይደውላል። አንድሮይድ ላይም ይሠራል። የጥሪ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ከመፈለግ ያድናል።

በመሃል ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ አፑን ሌላ ቦታ ሞክሬው ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው። «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ይላል፣ ከዚያ ሙዚቃ ያሰማል፣ ሠራተኞቹ ከተያዙ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ራሱ ይዘጋል። እዚያ ይህ አፕ ምንም አይሠራም። ማሽኑ ሲያነሳው ጥሪው እንደተነሳ ነው የሚቆጠረው፤ ሒሳብም ይቆጥራል። ቢዚ ሲሆን አይቆጥርም ነበር። በ*804# ቀሪ ሒሳቤን ሳይ ከጠዋቱ በብዙ ቀንሷል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር ወረፋ ያለው መሆኑ ነው። ዘግታችሁ ስትደውሉ ወረፋችሁን ለቃችሁ ጭራ ላይ ትሰለፋላችሁ። እዚያ የሚያዋጣው አንዴ ገብቶ ሙዚቃውን እየሰሙ መጠበቅ ነው።

«የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው» የሚለውንም ከቢዚ ለዩ። የተዘጋ ስልክ መቶ ጊዜ ቢደወል አይከፈትም። ሰው እያነሳ የሚዘጋባችሁም ከሆነ ተዉት፤ ያ ቢዚ አይደለም፣ መልስ ነው። ደግሞም 907 አምቡላንስን ወይም 991 ፖሊስን በአፕ መደወል የሚባል ነገር በሐሳባችሁም አይምጣ። እዚያ መስመሩን የያዘው ሰው ምጥ ላይ ያለች ሚስቱን ይዞ ይሆናል።

የክሊኒኩንስ መስመር ማጨናነቅ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤበታለሁ። ያለ አፕ በአንድ ጠዋት 64 ጊዜ ደውያለሁ፤ አፑን ደግሞ በ40 ገድቤዋለሁ፣ በየመሃሉም 15 ሰከንድ ክፍተት አለው። ግን ሁላችንም አፕ ብንጭን ማናችንም አንገባም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ጥፋቱ አንድ ስልክ ለስንት በሽተኛ ብሎ የመደበው ሰው ነው። እሱን የሚያስተካክል አፕ ደግሞ የለም።

ስድስተኛው ሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። ታቦር ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ዝናቡ ደንበኛውን ስላሳነሰልኝ ደስ አለኝ። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ ስክሪኑን አብርቼ፣ ስፒከር ላይ አድርጌ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት። 2፡32 ላይ አስጀመርኩት። 2፡30 ላይ ሁሉም ሰው እኩል ይረባረባል፤ ሁለት ደቂቃ ማሳለፍ ይሻላል ብዬ ነው። ጠቅሞኝ ይሁን አይሁን እንጃ።

በ31ኛው ጥሪ ጠራ። ሱቁ ውስጥ ከዝናብ የተጠለሉ አምስት ሰዎች ነበሩ። ታሪኩን ስለነገርኳቸው ሁሉም ዝም አሉ። ዓይኔ ሰከንዱ ላይ ነው። 19፣ 20፣ 21። አነሳችው። 25 አለፈ። አልተዘጋም!

«አቤት፣ ጤና ይስጥልኝ?»

«ቀጠሮ ነበር እህቴ፣ ለእናቴ፣ የግፊት ክትትል።»

«የካርድ ቁጥር?»

የካርድ ቁጥር! ስድስት ሰኞ ሙሉ ስለ ስልኩ እንጂ ስለ ካርዱ አስቤ አላውቅም። ካርዱ እናቴ ጋ ነው፣ ሐይቅ ዳር ቤቷ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሃል። ላብ አጠመቀኝ። «አንድ ጊዜ... አንድ ጊዜ እህቴ...» እላለሁ። ሴትዮዋ «ቶሎ ይበሉ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለች። አንድ ዝናብ የያዛቸው አዛውንት ከጥግ ሆነው «እንዳትዘጊው የኔ ልጅ፣ ስድስት ሳምንት ነው ሲደውል!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ በስም ፈልጋ አገኘቻት። ለመጪው ወር ሐሙስ፣ 3 ሰዓት። ዘጋችው። አፑም ዝም አለ፤ ጥሪው ከ25 ሰከንድ በልጧላ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ተመስገን» አለች። ቆይታ ደግሞ «ያ አፕ የምትሉት ነገር አጎትህን ያስነሳዋል?» አለችኝ። አጎቴ ስልክ አያነሳም፤ በዓል ካልሆነ። «እሱ ቢዚ አይደለም እማዬ፣ ጊዜ አጥቶ አይደለም የማያነሳው» አልኳት።

አፑን አላጠፋሁትም፤ ፍቃዶቹን ግን ነጥቄዋለሁ። የሚቀጥለው ክትትል ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ እመልስለታለሁ። የእናቴን የካርድ ቁጥር በትልቁ አትሜ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ደንበኞች የማሽኑ ሞዴል ይመስላቸዋል።